ውሃ ሲጠጡ ትን የሚላቸው ለምንድን ነው? ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣ የመዋጥ ችግር

ጥያቄ፦ «አባቴ 67 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ደከመ። ከሆስፒታል የወጡት በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ ገብቶላቸው ነበር፤ ከአራት ቀን በፊት በእንቅልፍ ልባቸው ነቅለው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ በአፋቸው እየመገብናቸው ነው። ገንፎና አጥሚት ሲወስዱ ደህና ናቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ግን ትን ስለሚላቸው ውሃ አቆምን። ለምን ውሃው ብቻ ያስቸግራቸዋል? ቱቦው ይመለስ? መዋጥ ይመለስላቸዋል? እናቴ ደግሞ በየጠዋቱ ፀበል ልስጣቸው ትላለች፤ ምን እንበላት?»

ምላሽ፦ ከሁሉ በፊት አስቸኳዩን ላንሳ። አባትዎን ዛሬውኑ ወደታከሙበት ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ቱቦው ከወጣ አራት ቀን ሆኗል፤ በእነዚህ ቀናት አዋዋጣቸውን ያየ ባለሙያ የለም፤ በዚያ ላይ ውሃ ቆሟል። ውሃን ከልክሎ ምትክ አለመስጠት ራሱን የቻለ አደጋ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ አክታ ይጋገራል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሰውየው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ መዋጥ የባሰ ይከብደዋል። ሙቀታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ በደቂቃ ከ25 ጊዜ በላይ ከተነፈሱ፣ ደረታቸው ላይ የአክታ ድምፅ ከተሰማ ወይም ከወትሮው የተለየ ድብታ ከተጫናቸው ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል መግባት አለባቸው። እነዚህ የሳንባ ምች ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ስትሮክ ያለፈበትን ሰው በኋላ ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የሳንባ ምች ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ጣትዎን ማንቁርትዎ ላይ አሳርፈው ምራቅዎን ይዋጡ። ማንቁርቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ብድግ ብሎ ተመልሶ ሲወርድ ይሰማዎታል። በዚያች አንድ ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ላንቃ ተነሥቶ የአፍንጫን መንገድ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ይቆማል፣ የድምፅ አውታሮች ይገጥማሉ፣ የማንቁርት ክዳን ይደፋል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይገፋል፣ የምግብ ቧንቧ በር ይከፈታል። ከ25 ጥንድ በላይ ጡንቻዎች ተራ በተራ ይሠራሉ። አየርና ምግብ ጉሮሮ ላይ አንድ መንገድ ስለሚጋሩ ከዚህ ቅደም ተከተል አንዱ ለግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ምግቡ ወደ ሳንባ መንገድ ሊገባ ይችላል።

ይህን ሰዓት የሚጠብቀው የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል፣ ሜዱላ የሚባለው ነው። እዚያ አንደኛው የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ «ምን ያህል ነው? ቀጭን ነው ወፍራም? ቀዝቃዛ ነው ትኩስ?» የሚለውን መረጃ ከአፍና ከጉሮሮ ይቀበላል፤ ሌላው ስብስብ ለጡንቻዎቹ ትእዛዝ ያስተላልፋል። መልእክቱ የሚመላለሰው በዋናነት በአምስት የራስ ቅል ነርቮች ነው፤ በ5ኛው፣ በ7ኛው፣ በ9ኛው፣ በ10ኛውና በ12ኛው። ከዚህ በላይ የተቀመጠው የአንጎል ቅርፊት ደግሞ «አሁን ልዋጥ» ብሎ ያስጀምራል፣ የሚመጣውን ጉርሻ መጠን አይቶም ኃይሉን ይመጥናል።

አባትዎ ላይ የደረሰው መዘግየት ይመስላል። ውሃ ምላስ ላይ እንደፈሰሰ በቅጽበት ጉሮሮ ይደርሳል። ጤነኛ አንጎል ይቀድመዋል፤ በስትሮክ የተጎዳው ግን አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ውሃው ሲደርስ በሩ ገና ክፍት ነው። አጥሚት ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ለዘገየው አንጎል ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ቀጭንነቱና ፍጥነቱ እንጂ ውሃው ራሱ ችግር የለበትም፤ ሻይ፣ ጭማቂ፣ ወተትና ቀጭን ሾርባም እንደ ውሃው ናቸው። ጄላቲንና አይስክሬም አፍ ውስጥ ቀልጠው ውሃ ስለሚሆኑ ከዚያው ይመደባሉ።

ገንፎውን በተመለከተ ግን «ደህና ናቸው» የሚለውን በቀላሉ አልቀበለውም። ገንፎ አይቸኩልም፤ ነገር ግን ይጣበቃል፣ ለመግፋትም ጠንካራ ምላስና ጠንካራ ጉሮሮ ይፈልጋል። ግራ ጎናቸው የደከመ ሰው የምላሳቸውም የጉሮሯቸውም ግማሽ ደክሞ ሊሆን ስለሚችል ከፊሉ ጉሮሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ከአምስትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ማዕዱ ከተነሣ ወዲያ፣ ሲተነፍሱ ቀስ እያለ ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል። ስለዚህ ከበሉ በኋላ «አ» በሉ ይበሏቸውና ድምፁን ያዳምጡ። ውሃ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው እርጥብ ድምፅ ካለው የሆነ ነገር ድምፅ አውታሩ ላይ አለ ማለት ነው። አንዱን ጉርሻ ሦስት አራት ጊዜ እየደጋገሙ መዋጥ፣ ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ ዓይን ማልቀስ፣ ምግብ በአፍንጫ መመለስ፣ በደከመው ጉንጭ ውስጥ ምግብ ተከማችቶ መገኘትም እንዲሁ።

ከሁሉ የማስፈራው ደግሞ ሳል የሌለበት ነው። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ሊያደነዝዝ ስለሚችል ምግቡ ሳንባ ቢገባ እንኳ ሰውየው አያስልም፤ ፊቱም ምንም አያሳይም። ትን ማለታቸው ቢያስደነግጥም መከላከያቸው በከፊል እንደሚሠራ ያሳያል። ትን ማለቱ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ «ተሻላቸው» ብለው ከመደሰትዎ በፊት በምርመራ ይረጋገጥ።

ሆስፒታል ሲደርሱ መድኃኒትም ሳይቀር በአፍ ከመሰጠቱ በፊት አዋዋጣቸው እንዲመረመር ይጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው፦ በደንብ ነቅተው ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ በሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሰጣቸውና ማንቁርቱ ሲነሣ በጣት ይዳሰሳል፤ ድምፃቸው ይሰማል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ካለፉ በብርጭቆ እስከ 90 ሚሊ ሊትር ይጠጣሉ። ይህ ፈተና ሳል የሌለበትን ሊስት ይችላል። ያን የሚያሳዩት ሁለት ምርመራዎች ናቸው፤ ባሪየም የተቀላቀለ ምግብ እየዋጡ የሚነሣ ተንቀሳቃሽ ኤክስሬይ፣ እና በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጉሮሮን ማየት። በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኙ አይደሉም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ካሜራው ካለው ግን ሲውጡ እንዲያይላቸው መጠየቅ ይቻላል። ማንቁርቱ ተመልሶ ካልወረደ ወይም ካልተነሣ፣ ምራቃቸውን እንኳ መዋጥ አቅቷቸው የሚተፉ ከሆነ በአፍ መሞከር ይቁም።

የሚጠጡት ምን ያህል ይወፍር? ውፍረቱን ባለሙያው ይወስናል፤ ቤት ውስጥ ግን በዓይን ግምት ሳይሆን በመለኪያ ይሥሩ። አይዲዲኤስአይ የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የሚፈልገው ከፋርማሲ የሚገዛ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ብቻ ነው፤ ከዜሮ እስከ 10 ያለው ምልክት ርዝመቱ 61.5 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይምረጡ። መግፊያውን አውጥተው ይጣሉ፣ ጫፉን በጣትዎ ይድፈኑ፣ መጠጡን እስከ 10 ይሙሉ፣ ጣትዎን አንሥተው ለ10 ሰከንድ ብቻ ይልቀቁና መልሰው ይድፈኑ። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ እንደ ውሃ ቀጭን ነው፤ ደረጃ 0። ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ከቀረ ደረጃ 3፣ ምንም ካልወረደ ደረጃ 4 ነው። «ደረጃ 2 ይጠጡ» ከተባሉ እያንዳንዱ ኩባያ በዚህ ይፈተሽ።

የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። አጥሚት ሲበርድ ይወፍራልና የሚፈተሸው በሚጠጡበት ሙቀት ነው። ደግሞም ማንኪያው ከአፋቸው ወደ ኩባያው ሲመላለስ ምራቅ ይዞ ይገባል፤ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም የአጥሚቱን ስታርች ይቆራርጠዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኩባያው ታች ቀጥኖ ያገኙታል። መጀመሪያ ላይ ደህና የነበሩ ሰው መጨረሻ ላይ ትን የሚላቸው በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አጥሚቱን በወንፊት አጥልሎ በፔርሙስ ማስቀመጥና በትንሽ ስኒ ብቻ እየቀዱ መስጠት ነው። ከዛንታን ጋም የተሠራው ማወፈሪያ ዱቄት ይህ ችግር የለበትም፤ በአገር ውስጥ ካጡት ውጭ ያለ ዘመድ ሊልክልዎ ይችላል። ተልባን ለዚህ ሲጠቀሙ አይቼ አልስማማም፤ እየቆየ ይወፍራል፣ ገለባውም ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

የወፈረ መጠጥ ወደ ሳንባ መግባትን ይቀንሳል፤ ሰው ግን አይወደውም፣ ጥቂት ብቻ ይጠጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 1.5 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልቀነሰው። በየሰዓቱ የጠጡትን በደብተር ይጻፉ። ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ካነሰ አልበቃቸውም።

ስለ ምግቡ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ምግቡን በማንኪያ ያንሡና ማንኪያውን ያዘንብሉ። ቅርጹን ይዞ፣ ማንኪያው ላይ ጥቂት ብቻ ትቶ ከወረደ ለደካማ ጉሮሮ ይስማማል፤ ተለጥፎ ከቀረ ጉሮሮም ላይ ይለጠፋል። ገንፎ በዚህ ፈተና ይወድቃል። በደንብ የበሰለና ቅባት ያለው ልስልስ ሽሮ ያልፋል፤ በወንፊት ያለፈ የክክ ወጥ፣ የተፈጨ አቮካዶ፣ የተፈጨ ድንች በወተት ወይም በዘይት እንዲሁ። አጥሚት ብቻውን ሰውነት አያቆምም፤ ወተት፣ በደንብ የበሰለና የተፈጨ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤ በደንብ ተቀጥኖ ይጨመርበት፤ የለውዝ ቅቤ እንዳለ በማንኪያ ግን ከገንፎም የባሰ ነው። እንጀራ ለስላሳ ቢመስልም ሲታኘክ ይጓጉላል፤ የሚፈቀድበት ደረጃ ሲደርሱ በሽሮ በደንብ ርሶ በሹካ የደቀቀ ፍትፍት ይሁን፤ ቁርጥራጩ ከሹካ ጥርስ መሃል ክፍተት፣ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አይብለጥ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ፍርፍር፣ የበሶ ዱቄት አይሞከሩም። ቀጭን መረቅ ውስጥ የሚዋኝ ቁራሽም አደገኛ ነው፤ ቁራሹን እያኘኩ ሳለ መረቁ ቀድሞ ይወርዳል።

አመጋገቡ ከምግቡ እኩል ይወስናል። ወንበር ላይ ወገባቸው ተደግፎ 90 ዲግሪ ይቀመጡ፣ እግራቸው መሬት ይንካ፤ ከበሉ በኋላም 30 ደቂቃ እንደተቀመጡ ይቆዩ። ቴሌቪዥን ይጠፋ፤ እያወሩ አይመግቧቸው። እርስዎም ከፊታቸው ዓይን ለዓይን ተቀመጡ፤ ቆመው ሲመግቡ ራሳቸውን ወደ ላይ ያቀናሉ፤ ያ አኳኋን የአየር መንገዱን ይከፍተዋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ምግብ በደህናው በኩል፣ በቀኝ፣ ምላስ ላይ ያስቀምጡ፤ ማንቁርቱ ተነሥቶ ሲወርድ ሳያዩ ሁለተኛ አይስጡ። በጡጦና በመምጠጫ (ስትሮ) መጠጣት ይቅር። ከ30 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ደክመዋልና ይቁም፤ በቀን ሦስት ትልልቅ ማዕድ ከሚሆን አምስት ስድስት ትንንሽ ይሁን።

ጉርሻን ለብቻው ልናገር፤ ቤተሰብ የሚከፋው በዚህ ነው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» የሚባለው ለአባትዎ አይሠራም። ጉርሻ ትልቅ ነው፣ ከላይ ይመጣል፣ አንገት ያቀናል፣ ተቀባዩ ሳይዘጋጅ ይገባል፣ አንዱን የተቀበለ ሁለተኛውን እንቢ ማለት ያፍራል። ጠያቂ ዘመድ ሲመጣ ማንኪያውን የሚይዝ ሰው አንድ ብቻ ይሁን። ማንኪያውን አባትዎ ራሳቸው በቀኝ እጃቸው ቢይዙ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ እጅ ወደ አፍ ሲሄድ አንጎል ለመዋጥ ቀድሞ ይዘጋጃል።

አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ለብዙ ሰው ይረዳል፤ ዘግይቶ ለሚውጥ በተለይ። ለሁሉም ግን አይደለም፤ በጉሮሮው ጎን ባለው ጓዳ ውስጥ ምግብ የሚከማችበትን ሰው ሊያፈስበት ይችላል፤ ስለዚህ በምርመራ ይታይ። የጉሮሮ አንድ ጎን ብቻ ደክሞ ከሆነ ራስን ወደ ደካማው ጎን አዙሮ መዋጥ ያን ጎን ይዘጋና ምግቡን በጤነኛው በኩል ይመራዋል።

አፋቸው ንጹሕ ካልሆነ ይህ ሁሉ ልፋት ግማሹ ከንቱ ነው። ሳንባን የሚያመረቅዘው ውሃው ሳይሆን ውሃውና ምራቁ ይዘውት የሚገቡት ባክቴሪያ ነው። በአፍ የማይበሉ ቢሆኑ እንኳ በቀን ሦስት ጊዜ ጥርስ፣ ድድ፣ ምላስና የደከመው ጉንጭ በለስላሳ ብሩሽና በጥቂት የጥርስ ሳሙና ይጽዳ፤ አረፋው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው ማታ ይውለቅ።

መድኃኒታቸውን በገንፎ ውስጥ ደብቆ መስጠት ብዙ ቤት አለ። ክኒን ከመፈጨቱ በፊት ፋርማሲስት ይጠየቅ። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ኒፈዲፒን ከተፈጨ የቀኑ መጠን በአንዴ ተለቆ የደም ግፊትን ይጥላል፤ ስትሮክ ለመታው አንጎል ደግሞ ይህ ሌላ ጉዳት ነው። ኦሜፕራዞልም ሽፋኑ ከተፈጨ በሆድ አሲድ ይበላሻል።

ቱቦው ይመለስ ወይ ላሉት፦ ምርመራው በአፍ በቂ ምግብና ፈሳሽ በሰላም መውሰድ እንደማይችሉ ካሳየ አዎ፣ ይመለስ። በ2005 የታተመው ፉድ የተባለ ትልቅ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆድ ላይ ከሚገባው ቱቦ የአፍንጫው እንደሚሻል አሳይቷል፤ የሆዱ የሚታሰበው ችግሩ ከአራት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ ሲመስል ነው። የወጣውን ቱቦ ቤት ውስጥ መልሶ መክተት ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሆስፒታል ሲገባም ቦታው በኤክስሬይ ወይም ከቱቦው በተሳበው ፈሳሽ አሲድነት (ፒኤች 5.5 ወይም ከዚያ በታች) ይረጋገጥ፤ አየር ነፍቶ ሆድ ላይ ማዳመጥ ብቻውን አይታመንም። በየመመገቢያው አፍንጫ ላይ የተሠመረው ምልክት አለመንሸራተቱን ይዩ፤ ከመመገብ በፊትና በኋላ ቱቦው በ30 ሚሊ ሊትር ውሃ ይታጠብ፤ ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል። ቱቦ ምራቅ ወደ ሳንባ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ስለዚህ የአፍ ንጽሕናው ይቀጥላል።

መዋጥ ይመለስላቸዋል? ከስትሮክ በኋላ ይህ ችግር ከሚገጥማቸው ሰዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሻላቸዋል፤ ሦስት ሳምንትም ገና ነው። ምክንያቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። የማንቸስተሩ ተመራማሪ ሻሂን ሃምዲና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ሥራ ቅርፊቱን በማግኔት እየቀሰቀሱ መዋጥ በሁለቱም የአንጎል ጎኖች እንደሚወከል፣ ግን አንዱ ጎን እንደሚበልጥ አሳዩ። ስለዚህ ያ የሚበልጠው ጎን የተመታበት ሰው መዋጥ ያቅተዋል፤ ተመሳሳይ ስትሮክ በሌላው ጎን የደረሰበት ግን ደህና ይውጣል። በ1998 ደግሞ ሲያገግሙ የተከታተሏቸው ሰዎች ላይ ያደገው ያልተመታው ጎን መሆኑን አገኙ። ያልተጎዳው ግማሽ ሥራውን ይማራል ማለት ነው። ጉዳቱ ሜዱላ ላይ ከሆነ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዋለንበርግ በ1895 በገለጸው ዓይነት ስትሮክ፣ የምግብ ቧንቧው በር ራሱ ላይከፈት ስለሚችል ማገገሙ ይረዝማል።

ያ ግማሽ የሚማረው በመዋጥ ነው። ባለሙያው ከፈቀደ ሁለት ልምምዶች ከቤት ይሠራሉ። አንደኛው ምላስን ላንቃ ላይ አጥብቆ እየገፉ፣ የጉሮሮ ጡንቻን ጭብጥ አድርጎ ምራቅን መዋጥ ነው፤ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ሁለተኛው 12 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ለስላሳ የተነፋች ኳስ በአገጭና በደረት መካከል አድርጎ በአገጭ መጫን ነው፦ ለ1 ደቂቃ ይዞ መቆየት ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎ 30 ጊዜ ጫን ለቀቅ፤ በቀን ሦስቴ ለስድስት ሳምንት። ደቂቃ መያዝ ካልቻሉ ከ10 ሰከንድ ይጀምሩ። ትንፋሽ አፍኖ መዋጥን ከቪዲዮ አይተው አያስጀምሯቸው፤ በስትሮክ ሕመምተኞች ላይ የልብ ምት መዛባት ታይቶበታል። የንግግርና የመዋጥ ሕክምና ባለሙያ በአገር ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ካገኙ አንድ ቀጠሮም ቢሆን ይጠቀሙበት፤ ሲመገቡ በስልክ የቀረጹትን ቪዲዮና ደብተሩን ይዘው ይሂዱ።

ለእናትዎ እንዲህ ይበሏቸው። ፀበሉ ቀጭን ውሃ ነውና ምርመራው እስኪያልቅ አይጠጡት፤ እጃቸው፣ ግንባራቸውና ደረታቸው ይቀባ፣ ከንፈራቸው በእርጥብ ጥጥ ይዳበስ፤ ፊታቸው ላይ ግን አይረጭባቸው፤ ደንግጠው ሲተነፍሱ ወደ ውስጥ ይስቡታል። ነገሩን ለንስሐ አባታቸው ቢነግሩ እናትዎም ልባቸው ያርፋል። ባለሙያው ውሃ በማንኪያ ሲፈቅድ ጠዋት መጀመሪያ አፋቸው ይቦረሽ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከዚያ እናትዎ አንድ የሻይ ማንኪያ ፀበል ይስጧቸው፤ ማንቁርቱ ሲወርድ አይተው፣ «አ» ሲሉ ድምፃቸው ጥርት ካለ ሁለተኛውን።